ሰዓት ለሰዓት፦ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የተሞከረ የጎረቤት ወንፈል

ጎረቤታሞች ሙያቸውን በሰዓት እየቆጠሩ ይለዋወጡ ሲባል ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይላል። አንዱ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» ይላል። ሌላው «ድሮም የነበረን ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። እኔ በምኖርበት ግቢ ሲሞከር አይቻለሁ፤ አባልም ነኝ። ሁለቱም ግማሽ እውነት እንዳላቸው የገባኝ እዚያ ነው። ሌላ ግቢ መሞከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር ይጠቅመዋል ብዬ ጉዳዩን እንዳለ ጽፌዋለሁ። የሰዎቹን ስምና የሕንፃውን ቁጥር ትቻለሁ።

ግቢው

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አንዱ ነው። ሕንፃዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል። ሲመጣም ላይኛው ፎቅ ለመድረስ ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የተለመደ ሥራ ነው።

ቤቶቹ የተከፋፈሉት በዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም። ከፒያሳ የመጣውም፣ ከመርካቶ የመጣውም፣ ከካዛንቺስ የመጣውም አንድ ደረጃ ላይ ተገናኘ። በድሮው ሰፈር ልጅ ጥሎ ገበያ መሄድ ብርቅ አልነበረም። እዚህ ግን በሩ ብረት ነው፣ ሁሉም ከሥራ መጥቶ ይዘጋዋል። ብዙ ባለቤቶች ደግሞ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ነው የሚኖሩት።

በግቢው ሁለት ተቋማት አሉ። አንዱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚለው ማኅበር ማለት ነው። የሚያወራው ስለ ጥበቃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ጋራ መብራት ነው። የባለቤቶች ስለሆነ ተከራይ ድምፅ የለውም። ሌላው እድር ነው። እድራችን ጠንካራ ነው፤ ሐዘን ላይ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሰውም ይደርሳል። ቧንቧ ስትፈነዳ ግን እድር አይጠራም።

ችግሩ

ነገሩን ለማስረዳት በአንድ ደረጃ የሚኖሩ ሦስት ቤቶችን ልጥቀስ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት እናት አሉ። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፣ ገንዘብ ይልካሉ። የቸገራቸው ብር አይደለም፣ ጉልበታቸው ነው። ውኃ የሚያወጣላቸው የቀን ሠራተኛ ካላገኙ ባለው ጀሪካን ቆጥበው ያድራሉ እንጂ የጎረቤት በር አያንኳኩም።

ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ባልና ሚስት አሉ። ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል፣ እነሱ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ይዟቸው ቤት የሚገቡት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ልጁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል።

አንደኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ተከራይቶ ይኖራል። ልጁ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሒሳብ አስጠኚ ሊቀጥርላት ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ።

ሦስቱም ቤቶች ለሌላው የሚሰጡት ነገር አላቸው። ይተዋወቃሉ፣ ሰላምታ አላቸው፣ በበዓል ቡና ይጠራራሉ። ግን አይጠያየቁም። ለምን? መልሱ ይሉኝታ ነው ብሎ መተው ይቻላል፤ እኔ ግን ከይሉኝታው ሥር ሌላ ነገር አያለሁ። «ልጄን እስክመጣ ያዙልኝ» ማለት ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። የዕዳው መጠን አይታወቅም። መቼና በምን እንደሚከፈልም አይታወቅም። ሰው ደግሞ ልኩ ካልታወቀ ዕዳ ይሸሻል። ብር ይሻለዋል፣ ከፍሎ ይገላገላላ።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ነገሩን ያነሳችው ከጎረቤቶቻችን አንዷ ናት። በሙያዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለሆነች ሌላ አገር ስለተደረገው አንብባለች። በጃፓን ኦሳካ ውስጥ ቴሩኮ ሚዙሺማ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1973 የሥራ ባንክ አቋቁማ ነበር። አባሎቹ በአብዛኛው የቤት እመቤቶች ሲሆኑ፣ አንዷ ሌላዋን የረዳችበት ሰዓት ይመዘገብላትና በችግሯ ጊዜ ትመነዝረዋለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤድጋር ካን የተባለው የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ልቡን ታሞ በተኛበት ወቅት ተመሳሳይ ሐሳብ አፈለቀ። የሁለቱም መሠረት አንድ ነው፦ የማንም ሰው አንድ ሰዓት ከማንም አንድ ሰዓት ጋር እኩል ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ይህን ስታስረዳ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። እንዲህ ያለውን የሰዓት ልውውጥ «የጊዜ ባንክ» ብላ ስትጠራው አንዳንዱ ወለድ ያለበት ነገር መስሎት ነበር። ከዚያ ከጎጃም የመጡ አንድ አባት ተነሱና «ይሄማ ወንፈል ነው» አሉ። በወንፈል ገበሬው ዛሬ ለጎረቤቱ ካረሰ፣ ጎረቤቱ በተራው ያርስለታል። ቀን በቀን ይመለሳል። ደቦ ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ጠላውንና ምሳውን አዘጋጅቶ ሰው ይጠራል እንጂ ቀን ለቀን አይቆጠርም። ከዚያች ንግግር በኋላ ስብሰባው ሞቅ አለ። እስከ ዛሬም የግቢው ሰው የሚጠራው «ወንፈሉ» እያለ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ገበሬዎቹ የሚለዋወጡት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። እርሻ በእርሻ፣ አጨዳ በአጨዳ። እዚህ ግን መብራት መጠገንን ከልጅ መጠበቅ ጋር ነው የምትለውጠው። ኋላ ላይ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል።

ምን ተደረገ

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት ተሰጠው። በአንዱ «የምችለው»፣ በሌላው «የምፈልገው»። «የምችለው» ሞላ። ሹሩባ መሥራት፣ ዲሽ ማስተካከል፣ እንግሊዝኛ ማስጠናት፣ ልብስ መስፋት፣ እንጀራ መጋገር፣ ለአዛውንት ስልክ ላይ ቴሌብር መክፈት፣ ወረዳ ሄዶ ወረፋ መያዝ። «የምፈልገው» ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ሁሉም ሊሰጥ መጣ፣ ማንም ሊቀበል አልመጣም።

ይህ ትልቁ እንቅፋት ነበር። የተሻገርነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ አባል መነሻ ሦስት ሰዓት ተሰጠው፤ በመጀመሪያው ወር ቢያንስ አንዱን መጠቀም አለበት ተባለ። መቀበል ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሐሳቡን ያመጣችው አስተባባሪያችን ቤት ለቤት ዞረች። «ምን ይፈልጋሉ?» ብላ አልጠየቀችም። ጥያቄዋ «ባለፈው ሳምንት ምን ከበደዎት?» የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም መልስ ነበረው። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት «ውኃ» አሉ። ከዚያ ብዙ አወሩ።

ደንቡ አንድ ገጽ ነው። አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ዕቃ ከተገዛ ባለቤቱ በብር ይከፍላል፤ ጤፉም፣ ሶኬቱም፣ ክሩም። አንድ ሰው ከአምስት ሰዓት በላይ ዕዳ አይገባም። አባልነቱ ለባለቤትም ለተከራይም ነው። መርፌ መውጋት፣ ጋዝ መነካካትና ቆጣሪ መክፈት ክልክል ነው።

ከሁሉም በላይ ያከራከረው የማይቆጠረው ነገር ነው። አንዲት እናት ገና ከመጀመሪያው «ለጎረቤት ሰዓት ይቆጠራል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብለው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ጎረቤት ባይኖር ኖሮ ገንዘብ ከፍለህ የምታሠራው ከሆነ ይቆጠራል። ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለአራስ ገንፎ ይዞ መሄድ፣ ቡና፣ እነዚህ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ውስጥ አይገቡም። ይህ መስመር ባይሰመር ወንፈሉ በአንድ ወር ይፈርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደብተሩ መጀመሪያ የተቀመጠው ከሥር ባለው ሱቅ ነበር። ለሁሉም ይመቻል ተብሎ ነው። ግን ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ገልጦ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት አነበበ። ወሬው ደረጃ ለደረጃ ሄደ። ሁለት ቤቶች ወዲያው መጠየቅ አቆሙ። ከዚያ በኋላ ደብተሩ መዝጋቢዋ ቤት ገባ፤ እያንዳንዱ የሚነገረው የራሱ ሒሳብ ብቻ ሆነ። የቴሌግራም ግሩፕም ተከፍቶ ነበር። የበዓል ምኞትና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ አጥለቀለቀው። አሁን አስተባባሪዋ ብቻ የምትጽፍበት ነው።

የሠራው

ውኃው ወዲያው ሠራ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ወንድማማች ተማሪዎች በፈረቃው ቀን ለአዛውንቷ እናት ያወጡላቸዋል። እሳቸው ግን ዕዳቸውን በምን ይክፈሉ? «እኔ አሮጊት ምን አውቃለሁ» ነበር መልሳቸው። አስተባባሪዋ ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛው ያ ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ነው። አሁን ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እሳቸው ጋ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። ለእሳቸውም ሰው ሆነላቸው።

ሁለተኛው ዶሮ ነው። በግቢው ካሉ ወጣት ሚስቶች ብዙዎቹ ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ መበለት አይችሉም፤ በዓል ሲመጣ እናታቸው ጋ ይሄዳሉ ወይም ለሚበልት ሰው ይከፍላሉ። እኚህ እናት ከፋሲካ በፊት ባለው ሰሞን ቤታቸው ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ወንድ ነበረ፣ ሲጀምር ተስቆበታል፤ ሲጨርስ ግን የሱ ብልት ከሁሉም የተስተካከለ ነበር። እዚህ ላይ የሒሳብ ጥያቄ መጣ። ስድስት ሰው ለሁለት ሰዓት ቢማር እሳቸው ሁለት ሰዓት ያገኛሉ ወይስ አሥራ ሁለት? ሁለት ተባለ፤ ተማሪዎቹ ሁለቱን ሰዓት ተካፍለው ይከፍላሉ። ሰው ከሚሠራው ጊዜ በላይ ሰዓት ከተፈጠረ ደብተሩ ከእውነቱ ይርቃልና።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጅ ሒሳብ የምታጠናው ከአንድ መምህር ጎረቤት ጋር ነው። የመምህሩን ሸሚዝ የምታሳጥረው ደግሞ ሌላ ሴት ናት። ወንፈሉን ከተራ ውለታ የሚለየው ይህ ነው። ያደረግህለት ሰው ራሱ እንዲመልስልህ አትጠብቅም።

ያስቸገረው

ቀድሞ የተነሳው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጉዳይ ነው። በጣም የሚፈለገው እሱ ነበር። የምጣድ ሽቦ ይቃጠላል፣ ሶኬት ይቀልጣል፣ ሁሉም እሱን ይጠራል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰዓት አጠራቀመ። ልጁ የምትጠቀምበት ትንሽ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናገረ፦ «እኔ የምበላው በዚሁ ሥራ ነው። እናንተ ጋ ስሠራ የውጭ ሥራ ያመልጠኛል።»

አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለባለሙያ ሰዓት ሁለት እጥፍ ይታሰብ አለ። ክርክሩ ጦፈ። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት «የሱም ውኃ የሚያወጡልኝ ልጆችም ሰዓት ስድሳ ደቂቃ ነው» ብለው ዘጉት። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ምጣኔው አንዴ ከተለያየ ደብተሩ የገበያ ዋጋ ዝርዝር ይሆናል። ያኔ ውኃ የሚሸከመው ልጅ ከሥር ይቀራል። ግን መርሕ ብቻውን የሰውየውን እራት አይሆንም። የተገኘው መፍትሔ እኩልነቱን ሳይነካ የሥራውን መጠን መቀነስ ነው። በወንፈሉ የሚሠራው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት፣ ጥቃቅን ሥራ ብቻ። ከዚያ በላይ ያለው በብር፣ በመደበኛ ዋጋው። ከጎረቤት ስላወቁት ብሩም ወደሱ መጣ። በተጨማሪ ራሱ የሚፈልገውን ተጠየቀ፤ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ይፈልግ ነበር። የጽሑፉ ክፍል ያስፈራዋል። መምህሩ አብሮት ተቀመጠ። የተጠራቀመው ሰዓት መውጫ አገኘ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉም የከበደው ነው። የአንድ ቤት ሰዓት ያለልክ አደገ። መዝጋቢዋ ስትከታተል፣ ለጎረቤት እንጀራ የምትጋግረው የዚያ ቤት ሠራተኛ ናት። እመቤቷ ትልካታለች፣ ሰዓቱ በእመቤቷ ስም ይመዘገባል። እመቤቷ ስትጠየቅ «ደሞዝ የምከፍላት እኔ ነኝ» አለች። ብዙዎች ነገሩ በዝምታ ቢታለፍ ይሻላል አሉ፤ ሰዎቹ ያኮርፋሉ ብለው ፈሩ። ውሳኔው ግን ይህ ሆነ፦ አባልነት በቤት መሆኑ ቀርቶ በሰው ይሁን፣ ሰዓቱ የሠራው ሰው ነው። ሰዎቹም አኮረፉ፣ ወጡ። ልጅቷ በራሷ ስም ገባች። የማታ ትምህርት ትማር ስለነበር ሰዓቷን ለእንግሊዝኛ ጥናት አዋለችው። ከአሠሪዎቿ ጋር የነበራት ነገር ለጊዜው ተበላሽቶ ኋላ ላይ ረገበ። ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል፤ ያለሱ ግን ወንፈሉ በደረጃው ላይ ያለውን የጌታና የሎሌ ነገር በደብተር አስመዝግቦ ይቀጥል ነበር።

ሦስተኛው የበዓል ሰሞን ነው። ሁሉም ሽንኩርት የሚከትፍለት ይፈልጋል፣ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ሰጪ ጠፋ። አንድ ዓመት ከተጨቃጨቅን በኋላ በበዓል ሳምንት ደብተሩ ተዘጋ። በምትኩ የፈለጉ ቤቶች ሽንኩርታቸውን ይዘው በጋራ መገልገያው ቤት ይሰበሰባሉ፣ አብረው ይከትፋሉ፣ ማንም አይቆጥርም። ከጎጃም የመጡት አባት እንዳሉት ያ ደቦ ነው።

አራተኛው ተከራይ ነው። ኪራይ ሲጨምር ሰው ይለቃል። አንዱ ዕዳ ይዞ ሄደ፣ ሌላዋ ብዙ ያልተጠቀመችበት ሰዓት ትታ ሄደች። በስዊዘርላንድ የሴንት ጋለን ከተማ አረጋውያንን ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረው ፕሮግራም ለተጠራቀመው ሰዓት ዋስ የሆነው የከተማው አስተዳደር ነበር፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው ማጠራቀም የሚችለው እስከ 750 ሰዓት ድረስ ነበር። እኛ ጋ ዋስ የለም። ስለዚህ ጣሪያው አሥር ሰዓት ላይ ተወሰነ። ከዚያ ያለፈው ወደ ጋራ ቋት ይገባል። የሚለቅ ሰውም ቀሪውን ለቋቱ ይተዋል።

ቋቱ ሳይታሰብ የወንፈሉ ምርጥ ክፍል ሆነ። አንዲት ዘመድ የሌላት ሴት ስትወልድ ገንፎና ጥየቃው እንደ ወጉ ያለ ቆጠራ ሆነ። ለሳምንታት ልብስ ማጠቡን ግን ሰው በሰዓት ሠራው፣ ሰዓቱም ከቋቱ ወጣ። እሷ ዕዳ አልገባችም።

ለሌላ ግቢ

ለመጀመር ከአንድ ደረጃ በላይ አያስፈልግም። የኛ ሙከራ የደረጀው ሰዎቹ በመልክ ስለሚተዋወቁ ነው። ግቢውን በሙሉ እንሰብስብ ያሉ ነበሩ፤ የሚያስተሳስር ነገር ሳይኖር ሰፋፊ ዝርዝር መያዝ ወረቀት ማባከን ነው።

በባለቤቶች ማኅበሩ ወይም በእድሩ ሥር ይሁን የሚለው ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ማኅበሩ ተከራይን ያስቀራል። እድሩ ደግሞ መዋጮና ቅጣት የለመደ ነው፤ ወንፈል በቅጣት አይሄድም። ከሁለቱ ጋር ተስማምቶ ለብቻ መቆም ይሻላል። የስብሰባ ቦታና ወንበር ግን ከእድሩ መዋስ ይቻላል፣ እኛም እሱን አድርገናል።

ሰውን ስለ ችሎታው ከመጠየቅ በፊት ስለ ሳምንቱ ጠይቁት። የሚፈልገው ነገር የሌለው አባል ለወንፈሉ ሸክም ነው፤ ጥሩ ሰው ቢሆንም። ሰዓት ያጠራቅማል፣ ማንም ሊመልስለት አይችልም፣ በመጨረሻ ይቀየማል።

በየወሩ ከእያንዳንዱ አባል ግማሽ ሰዓት ለመዝጋቢዋ ይቆረጣል። መጀመሪያ ላይ በነፃ ትሥራ ያሉ ነበሩ። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ ስልክ ትደውላለች፣ ሰው ከሰው ታገናኛለች፣ የተኮራረፈ ታስታርቃለች። ባለፈው ክረምት ወላጆቿን ልትጠይቅ ገጠር ስትሄድ ልውውጡ ሙሉ በሙሉ ቆመ። ደብተሩ ነበረ፣ ሰውም ነበረ፤ የሚደውል ግን አልነበረም። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ መዝጋቢዎቹ ሁለት ሆነዋል፣ አንዷ ከላይኛው ፎቅ፣ አንዱ ከታች። ሁለተኛው ያ ዶሮ መበለት የተማረው ጎረቤታችን ነው።